የጠፋችው ፕላስ

በዚህ ገጽ ላይ ስለ ሹማምንት ጥፋት መጻፍ ከጀመርሁ ዓመታት አልፈዋል። ያልተጠና አዋጅ፣ ያልተሞከረ መመሪያ፣ «አስተካከልን» ተብሎ የተበላሸ ነገር ሁሉ ብዕሬን ሲያሾለው ኖሯል። ዛሬ የምጽፈው ስለ ራሴ ጥፋት ነው። ጥፋቱ የተፈጸመው በአንድ ላፕቶፕ ስክሪን ላይ፣ ከሦስት ምርጫዎች መካከል ሦስተኛውን መውሰድ ሲገባኝ የመጀመሪያውን በመውሰዴ ነው። ውድ አንባብያን፣ «ይህ ደግሞ ከመቼ ወዲህ ለዚህ ገጽ የሚበቃ ጉዳይ ሆነ?» ትሉ ይሆናል። ጥቂት ታገሡኝ። በዚያ ምርጫ ምክንያት አንዲት ወጣት ዲግሪዋ ሐሰተኛ ሊባልባት፣ ሌላ እናት ደግሞ ጡረታ ሊወጡ ሁለት ዓመት ሲቀራቸው የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ሊቀበሉ ነበር።

ነገሩ የሚጀምረው በ1994 ዓ.ም. ነው። የትምህርት ክፍላችን የተማሪዎችን ውጤት በትልልቅ ደብተሮች ይመዘግብ በነበረበት በዚያ ዘመን፣ አንድ ወጣት ረዳት መምህር ማንም ሳያዝዘውና ማንም ሳይከፍለው፣ ማታ ማታ ቢሮ እያመሸ፣ በቪዥዋል ቤዚክ 6 የውጤት መመዝገቢያ ፕሮግራም ጻፈ። ፕሮግራሙ ስም ስላልወጣለት ሁላችንም «መዝገቡ» እያልን እንጠራዋለን። እኔ ያን ጊዜ የመጨረሻ ዓመት ተማሪ ነበርሁ፤ በስታቲስቲክስ ያመጣኋት «ዲ» እስከ ዛሬ እዚያ ውስጥ ተቀምጣለች። ደራሲው ለከፍተኛ ትምህርት ወደ ውጭ ወጥቶ እንደ ብዙዎቹ በዚያው ቀረ። ምንጭ ኮዱም ማንም ዘንድ አልተገኘም። መዝገቡ ግን ቀረልን፤ ሃያ አራት ዓመት ሙሉ የአንድም ተማሪ ውጤት ሳይጥል አገለገለ።

አንድ ነገር እዚህ ላይ መያዝ ያስፈልጋል። ፕሮግራሙ ሲጻፍ በክፍላችን ውጤት ማለት አንድ ፊደል ብቻ ነበር። ፕላስና ማይነስ የመጡት ከዓመታት በኋላ ነው። ስለዚህ የውጤቱ ዓምድ የተለካው ለአንድ ፊደል ነበር፤ ምልክቷ ስትመጣ በጠባብ ቤት ውስጥ እንደሚያድር እንግዳ ጥግ ይዛ፣ ተጠጋግታ ገባች። ማንም ዓምዱን አላሰፋም። አላስፈለገምም፤ ትታይ ነበርና።

ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 14 ቀን 2025) ለዊንዶውስ 10 ይሰጥ የነበረው መደበኛ ድጋፍ አበቃ። ያረጁት ኮምፒውተሮቻችን ደግሞ ዊንዶውስ 11 የሚጠይቀውን የደኅንነት ቺፕ አያሟሉም ነበር። እናም በኅዳር ወር በፕሮጀክት ገንዘብ የተገዙ አዳዲስ ላፕቶፖች መጡ፤ ከእነርሱ ጋርም ትእዛዝ መጣ፦ በየክፍሉ ያሉ የቆዩ የውጤት መዛግብት በሙሉ ወደ አዲሱ ማዕከላዊ ሥርዓት ይዛወሩ። አዲሱ ሥርዓት የድሮውን ፋይል አይቀበልም። «እንዴት እናዛውር?» ብለን ስንጠይቅ የተሰጠን መልስ «በእጅ አስገቡ» የሚል ነበር። በእጅ ማለት በክፍሉ ጸሐፊ እጅ ማለት ነው። እርሳቸውም መዝገቡን በላፕቶፑ ስክሪን ላይ ከፍተው፣ አንድ ረድፍ አንብበው፣ ወደ አዲሱ ሥርዓት ገልብጠው፣ ተመልሰው ሌላ ረድፍ እያነበቡ፣ ሺህ ጊዜ መመላለስ ነበረባቸው።

መዝገቡ በዊንዶውስ 11 ላይ ይሠራል ወይ ብላችሁ ለምትጠይቁ፣ ይሠራል። ቪዥዋል ቤዚክ 6 እ.ኤ.አ. በ1998 የወጣ ሲሆን መጻፊያው ድጋፍ የተቋረጠበት እ.ኤ.አ. በ2008 ነው፤ በእርሱ የተጻፉ ፕሮግራሞች ግን እስከ ዛሬ ይከፈታሉ። የእኛም ተከፈተ። የተማሪዎቹ ስም የተጻፈበት የድሮ የግዕዝ ፎንት በአዲሱ ማሽን ላይ ስላልነበረ፣ ስሙ ሁሉ ትርጉም የለሽ የላቲን ፊደል ሆኖ ታየ። ያን ከአሮጌው ማሽን ላይ ፎንቱን አምጥተን በአንድ ቀን ፈታነው። የከበደው ሌላ ነበር። ስክሪኑ ላይ ያለው ጽሑፍ ሁሉ ጭጋግ ለብሶ ቀረበ።

ለምን እንደሚደበዝዝ ለመረዳት ጥቂት ስሌት ያስፈልጋል፤ ስሌቱን ያኔ በወጉ ሠርቼ ቢሆን ኖሮ ይህን ጽሑፍ ባልጻፍሁ ነበር። የኅትመት ሰዎች ፊደልን የሚለኩት በፖይንት ነው፤ 72 ፖይንት አንድ ኢንች ነው። እ.ኤ.አ. በ1984 የወጣው የመጀመሪያው ማኪንቶሽ በአንድ ኢንች 72 ፒክስል ነበረው፤ አንድ ፖይንት በአንድ ፒክስል ይሳል ነበር። ዊንዶውስ ግን 96ን መረጠ። ሰው ስክሪንን የሚያየው ወረቀትን ከሚያነብበት ራቅ ብሎ ነውና ፊደሉ በሢሶ ተለቅ ይበል የሚል ስሌት ነበር። ከዚያ በኋላ ለብዙ ዓመታት 96 የዓለም እውነት ያህል ተቆጠረ። ጸሐፊያችን ለዓመታት የሠሩበት አሮጌ ስክሪን 17 ኢንች፣ 1280 በ1024 ፒክስል ነበር፤ ቢሰላ በኢንች 96 ይመጣል፣ ልክ በልኩ። አዲሱ ላፕቶፕ 15.6 ኢንች ሆኖ 3840 በ2160 ፒክስል ተሸክሟል፤ ይህ በኢንች 282 ነው፣ ሦስት እጥፍ ሊሆን ጥቂት የቀረው።

የ8 ፖይንት ፊደል በ96 ሲሰላ ወደ 11 ፒክስል ይመጣል። በአሮጌው ስክሪን ላይ ይህ ወደ 3 ሚሊሜትር ይሆናል። እነዚያው 11 ፒክስሎች ያለ ምንም ማጉላት አዲሱ ስክሪን ላይ ቢሰፍሩ ግን አንድ ሚሊሜትር ብቻ ናቸው። የጤፍ ፍሬ ማለት ነው። በጤፍ ፍሬ ልክ የተጻፈ የውጤት መዝገብ የሚያነብ ዓይን የማንም የለም።

ስለዚህ ዊንዶውስ ያጎላል። በእኛ ላፕቶፕ ላይ የማጉላት ምጣኔው 250 ከመቶ ነበር፤ በኢንች 240 እንደ ማለት ነው። አዳዲስ ፕሮግራሞች ሲከፈቱ «ስክሪኑ ስንት ነው?» ብለው ይጠይቃሉ፤ 240 ሲባሉም ራሳቸውን በዚያ ልክ ይስላሉ። የቆዩት ግን ስለዚህ ነገር እንደሚያውቁ አስቀድመው አላስመዘገቡም። ለእነርሱ ከዊንዶውስ ቪስታ (እ.ኤ.አ. 2007) ጀምሮ የተበጀው መላ ውሸት ነው። ፕሮግራሙ «96 ነው» ይባላል። እርሱም አምኖ በ96 ልክ ትንሽ ሥዕል ይስላል። ዊንዶውስ ያንን ሥዕል ተቀብሎ እንደ ላስቲክ ወጥሮ ሁለት ተኩል ጊዜ ያሰፋዋል። መጀመሪያ ያልተሳለ ዝርዝር በመወጠር አይገኝምና ጠርዙ ሁሉ ይደበዝዛል። (ላይኛው መስማት የሚወደውን ቁጥር ብቻ እየነገረ፣ ከላይ የወረደውን ደግሞ ወጥሮ ወደ ታች የሚያሰፋ መካከለኛ ሹም በአገራችን ስንት እንዳለ አንባቢ ይቁጠር። እኔ ዛሬ ስለ ሌላ ሰው አልጽፍም ብያለሁ።)

ድብዘዛው ለላቲን ፊደል ከሚከብደው ይልቅ ለእኛ ፊደል ይከብዳል። «ለ»ን ከ«ሉ» የሚለየው ከቀኝ እግሩ ጎን የወጣች አንዲት አጭር ጭረት ናት። «ሊ»ን ከ«ሌ» የሚለየው እግሩ ላይ ያለችው ምልክት ቀጥ ያለች ወይም ቀለበት መሆኗ ነው። በ11 ፒክስል ቁመት ውስጥ ቀለበት ለመሥራት የሚተርፈው ቦታ ሁለት ወይም ሦስት ፒክስል ነው፤ ያ ሲወጠር ቀለበቱ ተሞልቶ ነጠብጣብ ይሆናል። በማግሥቱ የክፍሉ ጸሐፊ ቢሮዬ መጡ።

«ዶክተር፣ ይኼ ነገር ዓይኔን ሊያጠፋው ነው። ስሙን ከደብተር ጋር እያመሳከርሁ ነው የማነበው። እንዲህ ከሆነ ፋሲካም አይደርስልኝ።»

«እትዬ፣ ይተዉት፤ እኔ አየዋለሁ» አልኋቸው።

የዚያን ዕለት ኩራቴን አልደብቅም። የኮምፒውተር ባለሙያ አይደለሁም፤ ግን ሠላሳ ዓመት ሊሞላ ጥቂት የቀረው የኮምፒውተር ተጠቃሚነት አለኝ፣ ዲግሪም ተደራርቧል፣ ባልደረቦቼም ማሽን ሲያስቸግራቸው የሚጠሩት እኔን ነው። በፕሮግራሙ ምልክት ላይ በቀኝ በኩል ጠቅ አደረግሁ፤ ፕሮፐርቲስ፣ ከዚያ ኮምፓቲቢሊቲ፣ ከዚያ «ቼንጅ ሃይ ዲፒአይ ሴቲንግስ» የሚለውን ከፈትሁ። ከታች ያለችውን ሳጥን ምልክት ሳደርግባት ሦስት ምርጫ መጣ፦ አፕሊኬሽን፣ ሲስተም፣ ሲስተም ኢንሃንስድ። «አፕሊኬሽን» የሚለው ከላይ ነበር። ትርጉሙ፣ ውሸቱ ይቅር፣ ፕሮግራሙ እውነተኛውን ቁጥር ይነገረውና ራሱን ያስተዳድር ማለት ነው። በመርሕ ደረጃ እኔ ሁልጊዜ የምደግፈው ነገር ነው። መረጥሁት። መዝገቡን ዘግቼ ከፈትሁት።

ፊደሉ ጥርት ብሎ፣ እንደ ታተመ መጽሐፍ ቁልጭ ብሎ ወጣ። እትዬ እጃቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ። «እጅዎን ቁርጥማት አይንካው!» ብለው መረቁኝ። እኔም ምርቃቴን ተቀብዬ ሻይ ልጠጣ ወጣሁ። አንድ ረድፍ ከደብተሩ ጋር ሳላመሳክር፣ አንድ ዓምድ ሳልፈትሽ። ምርመራዬ «ያምራል» ነበር።

በታኅሣሥ ወር እትዬ የሁለት ዓመት ተመራቂዎችን ውጤት ገልብጠው ጨረሱ፤ ማስረጃ የሚጠይቁት ብዙዎቹ ከእነዚያ ዓመታት ስለሆኑ ከእነርሱ እንዲጀምሩ ተነግሯቸው ነበር። ጥር ላይ በ2007 ዓ.ም. ያስተመረቅናት አንዲት ልጅ ቢሮዬ በር ላይ ቆማ አገኘኋት። ፊቷን አስታወስሁት፤ ከኋላ ወንበር ተቀምጣ ብዙ የማትናገር፣ ግን ክፍል የማታቋርጥ ተማሪ ነበረች። መሥሪያ ቤቷ የሠራተኞችን የትምህርት ማስረጃ እያጣራ ነው። የእርሷን ልኮ የመጣለት መልስ «ከመዝገባችን ጋር አይስማማም» የሚል ሆነ። በእጇ ባለው ትራንስክሪፕት አማካይ ነጥቧ 2.04 ነው። አዲሱ ሥርዓት የሚያሳየው 1.97 ነው። ለመመረቅ የሚያስፈልገው ደግሞ 2.00። አንባቢ ይገባዋል፦ በአዲሱ ሥርዓት ዓይን ይህች ልጅ አልተመረቀችም፤ የያዘችው ወረቀትም የተሠራ ወረቀት ነው። ማብራሪያ እንድታመጣ አሥር ቀን ተሰጥቷት፣ አራቱ አልፎ ነበር።

«መምህር፣ እኔ ለመመረቅ ስንት እንደለፋሁ እርስዎ ያውቃሉ» አለችኝ። ሌላ ነገር አልጨመረችም።

ሁለቱን ወረቀቶች ጎን ለጎን ስናስቀምጥ ልዩነቱ ወዲያው ታየ። በአምስት ትምህርቶች ላይ በእርሷ ወረቀት «ሲ ፕላስ» የሚለው በአዲሱ ላይ «ሲ» ብቻ ነው። በእኛ አቆጣጠር ሲ ፕላስ 2.5 ነው፣ ሲ 2.0። አምስቱም ባለ ሦስት ክሬዲት ናቸውና 15 ክሬዲት በግማሽ ነጥብ ሲባዛ 7 ተኩል ነጥብ ጠፋ ማለት ነው። ለ108 ክሬዲት ሲካፈል 0.07። ይቺው ናት ዲግሪዋን የበላችው።

ጉዳዩ ለክፍሉ ኃላፊ ደረሰ፤ ኃላፊውም ስብሰባ ጠሩ። ስብሰባው ሃያ ደቂቃ አልፈጀም። ውጤቱን ያስገቡት ማን ናቸው? ጸሐፊዋ። ፕላሱን ያልጻፉት ማን ናቸው? ጸሐፊዋ። እትዬ ተጠርተው ገቡና ቆመው መለሱ፦ «እኔ ያየሁትን ነው የጻፍሁት። ሲ ነው የሚለው። የሌለ ነገር ከየት አምጥቼ ልጻፍ?» የሰማቸው አልነበረም። «በግዴለሽነት» የምትል ቃል ያለችበት የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ እንዲጻፍላቸው ተባለ። በመሥሪያ ቤት ሕይወት ጥፋት እንደ ውኃ ነው፤ ሁልጊዜ የሚወርደው ዝቅ ወዳለው ነው።

እኔስ? እኔ እዚያው ተቀምጬ ነበር። «ሲ ነው የሚለው» ሲሉ አንድ ነገር ሆዴን ቆረጠኝ። ከአፌ ግን ምንም አልወጣም። «መጀመሪያ ላጣራ» አልሁ በልቤ። ማጣራት የተማረ ሰው የፍርሃት መጋረጃ ነው። በዚህ ገጽ ላይ ስንት ሰው «ለምን ዝም አልህ?» ብዬ እንደጠየቅሁ ሳስበው አፍራለሁ።

ማታ ሁሉም ሲወጣ የእትዬን ላፕቶፕ ከፈትሁ። መዝገቡ ላይ የልጅቱን ስም ፈለግሁ። ሲ፣ ሲ፣ ሲ። ጥርት ያለ፣ የሚያምር «ሲ»። ከዚያ የመረጃውን ፋይል ራሱን በአክሰስ ከፈትሁት። ሲ ፕላስ፣ ሲ ፕላስ፣ ሲ ፕላስ። ፕላሷ በቦታዋ ነበረች። ከዚያ ያን ቅንብር አጥፍቼ መዝገቡን ወደ ቀድሞው ጭጋግ መለስሁት። በጭጋጉ ውስጥ፣ ደብዝዛ፣ ግን ሳትጎድል፣ ፕላሷ አለች። ፊደሉ በደበዘዘበት ጊዜ ሙሉ ነበር። የተቆረጠው እኔ ካጠራሁት በኋላ ነው።

የሆነው ይህ ነው። ቪዥዋል ቤዚክ 6 ልኬቱን የሚይዘው «ትዊፕ» በሚባል መለኪያ ነው፤ አንድ ኢንች 1440 ትዊፕ ነው። በ96 ሲሰላ አንድ ፒክስል 15 ትዊፕ፣ በ240 ሲሰላ ደግሞ 6 ትዊፕ ይሆናል። በትዊፕ የተለካ ነገር ሁሉ ፕሮግራሙ እውነቱ ሲነገረው አብሮ ያድጋል፦ መስኮቱ፣ ሳጥኑ፣ ፊደሉ። ነገር ግን አንድ ፕሮግራመር አንዱን ልኬት በትዊፕ ሳይሆን በቀጥታ በፒክስል ሰጥቶት እንደሆነ፣ 24 የነበረው 24 ሆኖ ይቀራል። ኮዱ በእጄ ባይኖርም ምልክቱ ግልጽ ነው፤ በዚያ ዝርዝር ውስጥ ፊደሉ ሁለት ተኩል ጊዜ ሲያድግ የውጤቱ ዓምድ አላደገም። አንዲት «ሲ» በ96 በግምት 8 ፒክስል ብትይዝ በ240 ሃያ ትይዛለች። በ24 ፒክስል ዓምድ ውስጥ ሃያው በሲ ከተያዘ ለፕላስ የሚተርፍ ቦታ የለም። ዛሬ የሚጻፉ ብዙ ፕሮግራሞች ጽሑፍ ሲቆረጥባቸው ሦስት ነጥብ አስቀምጠው «እዚህ የቀረ አለ» ይላሉ። የድሮው ይህን አያውቅም። የቀረውን ቆርጦ ዝም ይላል። (ማይነስም እንዲሁ ነበረች። አንዳንድ ተመራቂ በእኔ ምክንያት ከሲ ማይነስ ወደ ሲ ከፍ ብሏል፤ ከእነዚያ ግን አንድም አቤቱታ አልመጣም።)

ሌሊቱን እንቅልፍ ሳይወስደኝ አደርሁ ብል ቅጥፈት ይሆናል፤ ተኝቻለሁ። ጠዋት ግን ደብዳቤው ከመፈረሙ በፊት የኃላፊው ቢሮ ገባሁና ነገሩን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ነገርኋቸው። ላፕቶፑንም ይዤ ስለነበር ሁለቱን ገጽታ እያፈራረቅሁ አሳየኋቸው። ሁለት ሦስት ጊዜ ደጋግመው እንዳሳያቸው ጠየቁኝ። ደብዳቤውን ከፊታቸው አንሥተው መሳቢያ ውስጥ ከተቱት። ከዚያ ያልጠበቅሁትን ተናገሩ፦ «እንግዲህ አዩ ዶክተር፤ ይህ ሁሉ ጣጣ የመጣው አሮጌ ነገር ሙጭጭ አድርገን ስለያዝን ነው። ለምን ጠቅልለን አንጥለውም?»

በዚህ ላይ አልተስማማንም፤ እስከ ዛሬም አልተስማማንም። አሮጌው ፕሮግራም ምንም አላጠፋም። ውጤቱን በትክክል ይዟል፤ ለተሠራበት ስክሪን በትክክል አሳይቷል፤ ጭጋግ ሲለብስ እንኳ ፊደል አልጎደለበትም። ያጠፋሁት እኔ ነኝ፤ ከእኔ ቀጥሎም ቋንቋው የማይገባውን የሃያ አራት ዓመት መዝገብ በዓይንና በጣት ገልብጡ ያለው ትእዛዝ ነው። እኛ ዘንድ አዲስ የመጣ ሰው ሥራውን የሚጀምረው የቀደመውን «አሮጌ» ብሎ በመሰየም ነው። ደርግ የንጉሡን፣ ከዚያም የመጣው የደርግን፣ እያለ እስከ ትምህርት ክፍል ድረስ ወርዷል። አሮጌውን ለመጣል የሚሰበሰብ ጉባኤ አጥተን አናውቅም፤ በውስጡ ያለውን ሳይጎድል የሚያወጣ ሰው ግን ሲመደብ አይቼ አላውቅም።

ወደ ላፕቶፑ ልመለስ። መድኃኒቱ እዚያው ዝርዝር ውስጥ፣ ሁለት መስመር ዝቅ ብሎ ነበር። «ሲስተም ኢንሃንስድ» የሚለው ምርጫ እ.ኤ.አ. በ2017 የጸደይ ወራት በወጣው የዊንዶውስ 10 እትም የመጣ ነው። አሠራሩ ብልኀት ያለበት ነው። ፕሮግራሙ አሁንም «96 ነው» ይባላል፤ ስለዚህ ዓምዱም፣ ሳጥኑም፣ ፊደሉም ባሰበው ልክ፣ እርስ በርሱ ሳይጣላ ይቀመጣል። ነገር ግን ፕሮግራሙ «እዚህ ቦታ ‹ሲ ፕላስ› ጻፍልኝ» ብሎ ሲያዝዝ፣ ዊንዶውስ ትእዛዙን በ96 ፈጽሞ ሥዕሉን ከመወጠር ይልቅ፣ ትእዛዙን ራሱን ይዞ ፊደሉን ከመጀመሪያው በትልቁ ይጽፈዋል። እንደ እኛ መዝገብ ጂዲአይ በሚባለው የቆየ የዊንዶውስ የሥዕል መሣሪያ ለሚጽፉ ፕሮግራሞች ይህ ይሠራል። ሞከርሁት። ፊደሉ ጠራ፤ ፕላሷም ተመለሰች። በገጹ ራስ ላይ ያለው የትምህርት ክፍሉ ዓርማ ፎቶ ስለሆነ አሁንም እንደደበዘዘ ነው፤ ዓርማው ይደብዝዝ።

ይህን የሚያነብብ ሰው በየቢሮው የሒሳብ፣ የመድኃኒት ቤት፣ የመሬት ይዞታ መዝገብ የያዘ አንድ አሮጌ ፕሮግራም እንደሚኖረው እገምታለሁ። ቢሞክረው ሦስተኛውን ይሞክር። በሌላ መንገድ የተሠራ ፕሮግራም ከሆነ ሦስተኛው ምንም ላያመጣ ይችላል፤ ያን ጊዜ ጭጋጉን ታግሦ መሥራት ይሻላል፤ ወይም አንድ የቆየ ባለ 96 ስክሪን ከመጋዘን አውጥቶ ከላፕቶፑ ጋር ማገናኘትና የማጉላት ምጣኔውን 100 አድርጎ በዚያ ላይ ብቻ ማንበብ ነው። ከሁሉ በፊት ግን ረጅሙን ስም፣ ትልቁን ቁጥር፣ ምልክት ያለበትን ውጤት መርጦ፣ ስክሪኑ የሚያሳየውን በፋይሉ ውስጥ ካለው ጋር ያመሳክር። እኔ ይህን ለማድረግ አሥር ደቂቃ ይበቃኝ ነበር።

ለልጅቱ የተጻፈው ማብራሪያ በአሥሩ ቀን ውስጥ ደረሰላት፤ ስሕተቱ የትምህርት ክፍሉ መሆኑን ይገልጻል። በእኔ ስም እንዲጻፍ ጠይቄ ነበር፤ «ተቋም ነው የሚጽፈው» ተብዬ ቀረ። ደውዬ ይቅርታ ስጠይቃት «ምንም አይደል መምህር» አለችኝ። ድምፅዋ ግን ምንም አይደል አይልም ነበር።

እትዬን ይቅርታ ለመጠየቅ ሄጄ ደግሞ የተቀበልሁት ሥራ ነው። ሁለቱ ዓመታት እንደገና ተፈተሹ፤ ቀሪዎቹን ዓመታትም ማክሰኞና ዐርብ ከሰዓት በኋላ አብረን እንገለብጣለን። እርሳቸው ከስክሪኑ ያነብባሉ፣ እኔ ከደብተሩ አመሳክራለሁ። ባለፈው ዐርብ 1994 ዓ.ም. ላይ ደረስን። እትዬ መነጽራቸውን አስተካክለው አንድ ረድፍ ላይ ቆሙ።

«ስታቲስቲክስ፣ ዲ» አሉ። ከዚያ ስሙን አይተው ወደ እኔ ዞሩ። «ይቺስ ዶክተር፣ ከጎኗ ምልክት የላትም?»

«የላትም እትዬ። ያን ጊዜ ምልክት አልነበረም።»